የዳሌ ስብራት፥ የሆስፒታል አልጋና የመድኅን ደንብ

ሰው በሸመገለ ጊዜ ከሚያገኙት መከራዎች መካከል የዳሌ መሰበርና የመገጣጠሚያ መበላሸት ለቤተሰብ እጅግ ከሚከብዱት ወገን ናቸው። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ በልጁ እጅ እየተመራ ከደጅ ይወጣል፤ ጆሮው የከበደም በምልክት ይግባባል። ዳሌው የተሰበረ ግን ከመኝታው ሊነሣ አይችልምና የሚያነሣው፥ የሚያገላብጠውና የሚያጥበው ሰው ቀንና ሌሊት ያስፈልገዋል። ልጅ ከእርሻው፥ ምራት ከማጀቷ፥ የልጅ ልጅም ከትምህርት ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሰው አጥንት ሲሰበር የቤቱ ሥራ አብሮ ይሰበራል ብንል ነገርን ማጋነን አይሆንብንም።

ዛሬ በሐኪሞች ጥበብ የተበላሸው የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ተወግዶ በስፍራው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊተካ ይችላል። ይህን ጥበብ ለዳሌ በዛሬው መልኩ ያጸኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ ናቸው። እርሳቸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ከብረት የተሠራ ራስና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ማቀፊያ በአንድ ላይ አዋሕደው፥ በሲሚንቶ ከአጥንቱ ጋራ አጣብቀው የተሳካ ሥራ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች ከአልጋ ተነሥተው በእግራቸው ለመሄድ በቅተዋል።

ዳሩ ግን ጥበቡ ስለ ተገኘ ብቻ ችግሩ አላለቀም። በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት ቀን በሆስፒታል ይተኛል? የአልጋውንስ፥ የመገጣጠሚያውንስ፥ የአስታማሚውንስ ወጪ ማን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የሐኪም ብቻ ይመስላል። በእውነቱ ግን ከሐኪሙ ቀጥሎ በሽተኛው አጠገብ የቆመ ሌላ ዳኛ አለ፤ ይኸውም የመድኅን ደንብ ነው። ስለዚህ ደንብና በተለይም በጨፋ ሸለቆ፥ በከሚሴና በአካባቢዋ ላሉት ቤተሰቦች ስለሚያመጣው ጥቅምና ጕድለት ዛሬ በቤተሰብ ገጻችን ጥቂት ልንናገር አስበናል።

የሩቅ ሀገር ምሳሌ

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አስቀድመን ወደ አሜሪካ እንመልከት። (በዚህ ክፍል የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በ1965 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፥ ሜዲኬር የሚባል፥ በተለይ ለሽማግሌዎች የሚያገለግል የመንግሥት መድኅን አለ። በመጀመሪያው ዘመን መድኅኑ ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ ይተካለት ስለ ነበረ፥ በሽተኛው ብዙ ቀን ቢተኛ ሆስፒታሉ የሚጐዳበት ነገር አልነበረም። በ1983 በወጣው ሕግ ግን ለየሕመሙ ዓይነት የተወሰነ ዋጋ ተቈረጠለት። በሽተኛው 3 ቀንም ቢተኛ 10 ቀን፥ የሚከፈለው ገንዘብ በመሠረቱ ያው ሆነ። ያን ጊዜ ሆስፒታሎች ሁሉ በሽተኛውን ቶሎ አድኖ ቶሎ ወደ ቤቱ መስደድን ተማሩ።

ከዚህም በኋላ ሌላ ደንብ ተከተለ። በ2013 ሐኪሙ በሽተኛው ሁለት እኩለ ሌሊት በሆስፒታል ያሳልፋል ብሎ የገመተ እንደ ሆነ ተኝቶ ታካሚ ተብሎ ይመዘገብ፥ ከዚያ ካነሰ ግን ባብዛኛው እንደ ተመላላሽ ታካሚ ይቈጠር ተባለ። የጉልበት መተካት በ2018፥ የዳሌ መተካትም በ2020 ተኝቶ ለታከመ ብቻ ይከፈልባቸው ከነበሩት ሥራዎች መዝገብ ወጡ። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክፍል፥ በተመሳሳይ አልጋ ላይ ተኝተው አንዱ ተኝቶ ታካሚ፥ ሌላው ተመላላሽ ሊባሉ ይችላሉ ማለት ነው። ይህም የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ከሆስፒታል ወጥቶ በማገገሚያ ቤት እንዲታገዝ መድኅኑ የሚከፍለው፥ አስቀድሞ በተከታታይ 3 ቀን ተኝቶ ታካሚ ተብሎ የተቈጠረለት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በቤቱ ረዳት የሌለው ሰው በአንዲት የመዝገብ ቃል ምክንያት ከባድ ወጪ ሊወድቅበት ይችላል።

ደግሞም ከ2016 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ በተመረጡ ከተሞች የተሠራበት ሌላ ሥርዐት ነበረ። በዚህ ሥርዐት ሆስፒታሉ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን ተክቶ ካሰናበተው በኋላ እስከ 90 ቀን ድረስ ለሚወጣው ወጪ ተጠያቂ ይሆን ነበር። የዚህ አሳብ መልካምነት ሐኪሙ በሽተኛው ከደጁ ከወጣ በኋላ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ እንዲያስብ ማድረጉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ቀኑ ማጠሩ በራሱ ክፉ አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግሥቱ ተነሥቶ መራመድ የደም መርጋትን፥ የሳንባ ምችንና የአልጋ ቍስልን እንደሚከላከል ሐኪሞች ሁሉ ይመሰክራሉ። ክፉ የሚሆነው በሽተኛው የሚሄድበት ቤት ሳይዘጋጅ፥ የሚያነሣው ክንድ ሳይኖር፥ ደንቡ ብቻ ውጣ ያለው እንደ ሆነ ነው።

የሀገራችን ደንብ

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ፤ ዓመቱንም በራሳችን አቈጣጠር እንናገራለን። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የጤና መድኅን በሕግ ታስቦአል። አንደኛው ደመወዝ ለሚቀበሉና ለጡረተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድኅን ነው፤ አዋጁም ቁጥር 690/2002 ነው። በዚህ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፥ አሠሪውም እንዲሁ 3 በመቶ፥ ጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ እንዲያዋጣ ተወስኖ ነበር፤ የመዋጮው መጀመሪያ ጊዜ ግን ደጋግሞ ተላልፎአል። ሁለተኛው ደመወዝ ለሌለው ለገበሬው፥ ለአርብቶ አደሩ፥ ለነጋዴውና ለእጅ ሥራ ሠሪው የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ጠሁለደሬ፥ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ጠሁለደሬም የወሎ ሀገር ስለ ሆነ ለጨፋ ሰው የጎረቤት ምሳሌ ነበረ። ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቶ በ2014 ዓ.ም ራሱን የቻለ አዋጅ ወጣለት።

ይህን መድኅን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ቅሬ የሚባለውን ማኅበር የማያውቅ የለምና። የቅሬ አባል የሆነ ሁሉ ሐዘን ሳይደርስበት ያዋጣል፤ ሐዘን በደረሰበት ቀን ግን ብቻውን አይቀርም። መድኅኑም እንዲሁ ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ አዝመራው ከገባ በኋላ፥ ለቤተሰቡ ሁሉ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። የታመመ ጊዜ በጤና ጣቢያና ውል በተገባበት ሆስፒታል የምርመራ፥ የመድኃኒት፥ የቀዶ ሕክምናና የአልጋ ዋጋ ይሸፈንለታል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው የመንገዱ ሥርዐት ነው። ባለመድኅኑ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፥ ከዚያ የማስተላለፊያ ወረቀት፥ በተለምዶ ሪፈር የሚባለውን፥ ይዞ ወደ ሆስፒታል እንዲሻገር ታዝዞአል። ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው የሕክምናውን ግማሽ ዋጋ ራሱ እንዲከፍል በሙከራው ዘመን ተደንግጎ ነበር። ደንቡ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በቀላል በሽታ እንዳይጨናነቁ ስለሚጠብቅ ምክንያት አለው፤ ሥርዐቱን ያላወቀ ሰው ግን በችኰላው ይቀጣበታል።

ሁለተኛው ከመድኅኑ ውጭ የተደረጉት ነገሮች ዝርዝር ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን ሲጀመር መነጽርን፥ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን አይሸፍንም ነበር። ለደመወዝተኛው የታሰበው መድኅን ደንብ ቁጥር 271/2005 ግን ከዚህ አልፎ የዳሌ መተካትን በስሙ ጠርቶ ከሚሸፈኑት አገልግሎቶች አስወጥቶታል። ይህን ክቡራን አንባቢዎቻችን በሚገባ ያስተውሉት ዘንድ እንለምናለን፤ ብዙዎቻችሁ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም በጡረታ የምትኖሩ ናችሁና ደንቡ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የሚነካው የእናንተን አባትና እናት ነው። ደንብ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ከውጭ ሀገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው፤ በጥቂት በሽተኞች የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ እናቶችና ሕፃናት ሕክምና ሊበቃ ይችላል። ምክንያቱ ቢገባንም ውጤቱ ይታየናል፤ መድኅኑ አልጋውን ከፍሎ በአልጋው ላይ የሚደረገውን ዋና ሥራ ካልከፈለ፥ በሽተኛው በአልጋው ላይ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ከጨፋ እስከ ሆስፒታል

የጨፋን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው የቦርከናን ወንዝ፥ ሰፊውን ረግረግና ለምለሙን ሣር ያውቃል። በበጋ ወራት ከቈላው ከብታቸውን እየነዱ የሚመጡ አርብቶ አደሮች በዚያ ይሰፍራሉ፤ በዙሪያውም የደዋ ጨፋ፥ የአርጡማ ፉርሲና የጅሌ ጥሙጋ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን ያርሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከሚሴ መካከል ያልፋል።

እንግዲህ በዚህ ሀገር የምትኖር አንዲት ባልቴት በደጇ አንሸራቷት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ እንበል። በመጀመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። የወጌሻን ጥበብ መናቅ አንወድም፤ ለዳሌ አንገት ስብራት ግን ማሸትና ማሰር እንደማይጠቅም፥ የደሙንም መንገድ ይብሱን እንደሚጐዳ መናገር ግዴታችን ነው። ይልቁንም ለዚህ ስብራት ከሁሉ የሚሻለው ቀዶ ሕክምናው በ2 ቀን ገደማ ውስጥ ሲደረግ ነው። አሁን የባልቴቲቱን መንገድ እንቍጠር። የቅሬው ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ያደርሷታል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፥ ከከሚሴም ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ ትሄዳለች። መገጣጠሚያው የሚተካ ከሆነ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዛ ወደ አዲስ አበባ ልትላክ ትችላለች። የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ተዘርፎ እንደ ነበረ የምናስታውሰው ነው።

በዚህ ምክንያት በአሜሪካና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት በግልጥ ይታያል። በዚያ ደንቡ የሚያሳጥረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ቀን ነው። በእኛ ሀገር ግን ቀኑ የሚረዝመው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። በሽተኛዋ ወረቀት እስኪጻፍላት፥ ተራዋ እስኪደርስ፥ ዕቃው እስኪገኝ፥ ልጇም በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ እስኪመጣ ተኝታ ትጠብቃለች። የአልጋው ዋጋ በመድኅን ቢሸፈን እንኳ የአስታማሚው ምግብ፥ ማደሪያና የመኪና ኪራይ በማንም መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቤተሰቡን የሚያደኸየውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከሁሉም ይልቅ መራራ የሚሆነው ገንዘቡ ያለቀበት ቤተሰብ ቍስሉ ሳይደርቅ፥ መራመጃውም ሳይለመድ በሽተኛውን በፈቃዱ ይዞ የወጣ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውጣ ያለው ደንብ አይደለም፤ ባዶ ኪስ ነው። መጨረሻው ግን አንድ ነው።

በመኪና አደጋ የተጐዳ ሰው ጕዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድኅን በሕግ ስላለ፥ ቤተሰቡ የፖሊስን ማስረጃና የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ሳይይዝ እንዳይቀር እንመክራለን።

ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው

የቀዶ ሕክምና ቀን የተቈረጠለት ሰው ያለበት ቤት ይህን ቢያደርግ ከብዙ ጭንቅ ይድናል። የመድኅኑ መታወቂያ ዘመኑ እንዳላለፈ ያረጋግጥ። ሪፈሩ ወደሚልከው ሆስፒታል መድኅኑ ውል እንዳለው የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ መገጣጠሚያው ራሱ ይሸፈን እንደ ሆነና እንዳልሆነም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይረዳ። መድኃኒት ከውጭ ግዛ የተባለ እንደ ሆነ ደረሰኙን አይጣል፤ ደንቡ የሚመልስለት ገንዘብ ቢኖር ያለ ደረሰኝ አይመለስምና። ለአርብቶ አደሩም አንድ ቃል አለን፤ የተመዘገበበት ወረዳ ሌላ፥ በበጋ የሰፈረበት ወረዳ ሌላ ሊሆን ይችላልና፥ ከብቱን ይዞ ከመነሣቱ በፊት በሄደበት ስፍራ ቢታመም የት እንደሚታከም ይጠይቅ።

ሐኪሙንም ስንት ቀን እንተኛለን ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ምን ምን ማድረግ ስትችል ትወጣለች ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከአልጋ በትንሽ እርዳታ መነሣት፥ በክራንች ወይም ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዞ መጸዳጃ ድረስ መሄድ፥ ሕመሙን በሚዋጥ መድኃኒት መቻል፥ ቍስሉም ደረቅ መሆን፤ እነዚህ የመውጫ ምልክቶች ናቸው። ይህ የተሟላ እንደ ሆነ በ4ኛው ቀን መውጣት ቸርነት ነው፤ ያልተሟላ እንደ ሆነ ግን በ14ኛውም ቀን መውጣት ጥድፊያ ነው።

ቤቱን ማሰናዳት ደግሞ ከእመቤቲቱ የሚጠበቅ ነው። በሀገራችን ልማድ በዝቅተኛ በርጩማ ወይም በምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን፤ መጸዳጃውም ቍጢጥ ብለው የሚቀመጡበት ነው። ዳሌው የተተካ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 12 ሳምንታት ጕልበቱን ከዳሌው በላይ ከፍ አድርጎ እንዳይቀመጥ፥ ወደ መሬትም አብዝቶ እንዳያጐነብስ፥ እግሩንም እንዳያጣምር ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ከስፍራው ሊወልቅ ይችላልና። ስለዚህ ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅ፤ የአካባቢው አናጢ መካከሉ ክፍት የሆነ ጠንካራ ወንበር ቢሠራ በመጸዳጃው ጕድጓድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። አልጋው ከፍ ይበል፤ መተላለፊያው ከዕንቅፋት ይጽዳ፤ በሌሊት መብራት አይጥፋ። በሸለቆው ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ ስለ ሶላት የሚጨነቁ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ የታመመ ሰው በወንበር ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖታቸው ስለሚፈቅድ፥ ሼሖቹ ይህን ለሽማግሌዎቹ ቢነግሩልን ከሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማል።

ጉልበት ለተተካለት ግን ምክሩ ይለያል፤ እርሱ በየቀኑ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ማጠፍና መዘርጋት አለበት፤ ሕመሙን ፈርቶ ዝም ብሎ የተኛ እንደ ሆነ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በሁለቱም ወገን ትኵሳት፥ ከቍስሉ የሚወጣ መግል፥ የባት እብጠትና ሕመም፥ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት የታየ እንደ ሆነ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ደም እንዳይረጋ የታዘዘውንም መድኃኒት ዳንኩ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ለሹማምንት የምናሳስበው

በመጨረሻ በሥልጣን ላይ ላላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሦስት ነገር በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከመድኅኑ ውጭ የሆኑት አገልግሎቶች ዝርዝር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ፤ የሚከፍለውን የሚያውቅ ሰው የማይከፈልለትንም ማወቅ መብቱ ነው። ሁለተኛ፥ ከሆስፒታል የሚወጣው በሽተኛ በሰፈሩ ላለው ጤና ጣቢያ ወረቀት ተጽፎለት ይመለስ፤ ወደ ላይ የሚወስድ ሪፈር እንዳለ ወደ ታች የሚመልስም ይኑር። ያ በተደረገ ጊዜ የሆስፒታሉ አልጋ ቶሎ ቢለቀቅም በሽተኛው አይጣልም። ሦስተኛ፥ የዳሌ መተካትን በስሙ ያስወጣው ደንብ በሚታደስበት ጊዜ፥ ቢያንስ ዳሌው በመውደቅ ለተሰበረ ሽማግሌ ልዩ ፍርድ ይደረግ እንደ ሆነ ይመከርበት። ያልታከመው ስብራት ከመንግሥት መዝገብ ቢጠፋም ከቤተሰብ መዝገብ አይጠፋም፤ የአንዲት ልጅ ትምህርት፥ የአንድ ገበሬም በሬ ሆኖ ይከፈላል።

ቅሬ የሚረዳን በሐዘናችን ቀን ነው፤ መድኅን ደግሞ በሕይወት ሳለን ሊያነሣን የተሠራ ነውና ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ ይበልጣል። ስለዚህ አባወራ ሁሉ መዋጮውን በጊዜው ይክፈል፤ ደንቡን የሚጽፉትም ሲጽፉ በአልጋ ላይ ያለችውን እናት ያስቧት።